ሰማንያ ስምንት ቁልፍ ያለው ቀፎ

የውዳላት ገብረየስ አሥራ አንደኛ ድርሰት ውድቅ መሆኑን የሚነግረው ደብዳቤ የደረሰው ጥርሷን ስትቦርሽ ነበር። ከጆሮዋ ጀርባ የተለጠፈው አጃቢዋ የጥርስ መቦረሻውን ፈጣን ዜማ ድንገት አቋርጦ ለመጥፎ ወሬ የሚሆነውን ዝግ ያለ ዜማ ሲጀምርላት፣ ደብዳቤውን ሳትከፍት ነገሩ ገባት። አፏን ተጉመጥምጣ አነበበችው። «ጭጋግ በእንጦጦ፣ ለአንድ ፒያኖ» የተሰኘው ሥራዋ በመዝገብ ካለ ሌላ ሥራ ጋር ዘጠና አራት በመቶ ይመሳሰላል ይላል። ያ ሌላው ሥራ «የፋርማሲ ወረፋ ማስጠበቂያ፣ ቁጥር 40306» ይባላል።

አራት ወር ሙሉ እየጻፈች እየሰረዘች የለፋችበት ጭጋግ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ከ«ጥርስ ነቀላ፣ ማደንዘዣው እስኪይዝ» ጋር ተመሳስሎ ወድቋል። ከዚያም በፊት የነበረው ከ«ሻንጣ ፍተሻ፣ ምንም ያልተገኘበት» ጋር። ደብዳቤው መጨረሻ ላይ አንድ መስመር አለ። አሥራ ሁለተኛው ሙከራ የመጨረሻዋ ነው፤ የዛሬ ሳምንት ሐሙስ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት መዛኝ ቤቷ ድረስ ይመጣል፤ ፒያኖው ከዚያ በፊት መቃኘት አለበት።

ዘመኑ 2071 ዓ.ም. ነው፤ አጃቢ የሌለው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሕፃን በተወለደ በሰባተኛው ቀን ከጆሮው ጀርባ ይለጠፍለታል። ከዚያ ወዲያ ሲጠባ የመጥቢያ፣ ሲያለቅስ የማባበያ፣ አድጎ አውቶቡስ ሲጠብቅ የአውቶቡስ መጠበቂያ ዜማ ይሰማል። ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ከሟች ጋር ባለው ዝምድና ልክ የተመጠነ ሐዘን ይደርሰዋል፤ የጎረቤት አማች ሆኖ ከልጆቹ በላይ ያለቀሰ ሰው ካለ አጃቢው ተበላሽቷል ማለት ነው። ሠርግ ላይ ሦስት መቶ እንግዳ ሦስት መቶ ዓይነት ምት እየሰማ እስክስታ ይወርዳል። ከውጭ ለሚያይ፣ ጭር ባለ አዳራሽ ውስጥ ሦስት መቶ ሰው ብርድ የመታው ይመስላል። ማንም ግን ቅር ያለው የለም፤ ሁሉም የሚወደውን ነው የሚሰማው።

እነዚህን ዜማዎች የሚያወጣው ማሽን ነው፤ ማሽኑ ደግሞ አይደክመውም። ያወጣውን ሁሉ እየመዘገበ ስለሚያስቀምጥ የሰው ልጅ ሊያፏጨው የሚችለው ነገር ገና ሳያፏጨው ተመዝግቦ ያገኘዋል። በዚህም ምክንያት በገዛ እጁ ሙዚቃ የሚደርስ ሰው ብርቅ ሆኗል። መኖሪያ ቤት ውስጥ ፒያኖ ማስቀመጥ የሚፈቀደውም የዜማ ደራሲ ለሆነ ብቻ ነው። የዜማ ደራሲ ማለት ደግሞ ከመዝገቡ ጋር ከአሥር በመቶ በታች የሚመሳሰል አንድ ሥራ ያስመዘነ ሰው ነው። ፒያኖ ላለው ሰው አሥራ ሁለት ሙከራ ይፈቀድለታል፤ በአሥራ ሁለቱም አላስመዘነም እንደሆነ ፒያኖው ይወሰዳል። ሆዱ ተዘርግፎ የአበባ መደብ ይሆናል። አንዱን ውዳላት ወደ ሥራ ስትሄድ በየቀኑ ታየዋለች፤ አደባባዩ ላይ ቆሞ ከቁልፎቹ መሀል ጽጌረዳ አብቅሏል። ታዲያ እሷ እዚያ ጋ ስትደርስ ፊቷን ወደ ሌላ ታዞራለች።

ሥራዋ የሊፍት ድምፅ ቁጥጥር ነው። ሰው ሊፍት ውስጥ ሲገባ አጃቢው ዜማውን ለሊፍቱ ማስረከብ፣ ሲወጣ ደግሞ መረከብ አለበት፤ ርክክቡ ላይ ትንሽ ክፍተት ከተፈጠረ ሰዉ ይደነብራል። ውዳላት ይህን ለመቆጣጠር ቀኑን ሙሉ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ሠላሳ ዓመት ተጉዤ የትም አልደረስኩም እያለች በራሷ ትቀልዳለች። ፒያኖውን ያገኘችውም በዚሁ ሥራ ሳለች፣ ሊፈርስ ከተፈረደበት አንድ ሆቴል ምድር ቤት ነው። በየካ አባዶ ሕንፃ ሠላሳ አራት ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ይዛው ከገባች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። አግብታ ነበር፣ ፈታለች፤ ባሏ በሰላም ሄደ፣ ፒያኖው ቀረ። አሁን ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ በዚህ ዓለም ላይ የምትፈልገው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ መታወቂያዋ ላይ ከስሟ በታች «የዜማ ደራሲ» የሚል ቃል።

የምትደርሰው ኢምፕሬሽኒስት የሚባለውን ዓይነት ነው። ሲያስተምሯት «ነገሩን አትንገሪ፤ ነገሩ ሲመጣ አየሩ ምን እንደሚመስል ንገሪ» ተብላለች። ስለዚህ ስለ ዝናብ ስትጽፍ ስለ ጠብታው አይደለም። ከማዶ ቆርቆሮው ላይ ሲጀምር፣ የተሰጣ ልብስ ለማስገባት የሚሮጥ ሰው እግር ሲሰማ፣ ብርሃኑ ወደ ቢጫ ሲያደላ የሚሆነውን ነው። ዜማ ከያዝኩ መዝገቡ ይይዘኛል ብላ ጭጋግ ውስጥ ስትደበቅ፣ ለካስ ማሽኑ ከጭጋጉ ሠላሳ ዓመት ቀድሟት ገብቶ ለፋርማሲ ሸጦታል።

የመቃኘቱም ነገር አልሆነላትም። የቅኝት አገልግሎቱ የላከው ማሽን በሩ ላይ ቆሞ ፒያኖውን ሦስት ጊዜ አየና «ይህ ዕቃ በዝርዝሬ ውስጥ የለም» ብሎ በመጣበት ተመለሰ። ሌላ ቃኚ አገሩ ላይ አልተረፈም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ውዳላት ወደ ምድር ቤቱ ወርዳ የመምህር ይኄይስን በር አንኳኳች።

መምህር ይኄይስ የሰማንያ አንድ ዓመት አዛውንት ናቸው፤ በገና ይሠራሉ፣ በገና ያስተምራሉ። አጃቢ የላቸውም። ሊለጥፉላቸው የመጡትን ልጆች «የእኔ ጆሮ ለሁለት ጌታ አይገዛም» ብለው መርቀው እንደ ሸኟቸው በሕንፃው ውስጥ ይወራል።

«ስንት አውታር አለው?» አሏት፣ ፒያኖውን ከፍተው አንገታቸውን አስገብተው።

«ሁለት መቶ ሃያ ገደማ ነው መምህር።»

«ሁለት መቶ ሃያ።» ቀና አሉ። «ዳዊት በአሥር ነው የዘመረው።»

«አውቃለሁ።»

«ይህን ሁሉ ምን ያደርግለታል?»

«እኔ እንጃ። ሲሠሩት እንዲሁ ነው የሠሩት። ሊቃኙልኝ ይችላሉ?»

«አውታር አውታር ነው፣ ልጄ» አሉ መምህር፣ እጃቸውን ወደ ሆዱ እየሰደዱ። «ብቻ የቤት ቁልፍሽን ትተሽልኝ ሥራሽ ሂጂ። እስክጨርስም እንዳትነኪው። አዲስ የተወጠረ አውታር እስኪለምድ አይነካም።»

ሰኞ ጀመሩ። ውዳላት ከሥራ ስትመለስ ፒያኖው በነጭ ጋቢ ተሸፍኖ፣ ወለሉ ላይ የቆዳ ፍቅፋቂ ተበትኖ አገኘች። የቆዳው ነገር ትንሽ ግር አላት፤ ቢሆንም የሰው እጅ ሥራ ላይ ምን ይባላል ብላ ጠርጋ ተኛች። ማክሰኞም እንደዚያው። ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስትገባ መምህር ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው፣ ሥራውን እንደ ጨረሰ ሰው ሻይ ይጠጡ ነበር።

«በይ እንግዲህ፣ ተቃኝቶልሻል» አሏት።

ውዳላት ቆማ መሀል ላይ ያለውን አንዱን ቁልፍ ነካች። ፒያኖው እዝዝዝ አለ። ድምፁ ከሆዱ ተነስቶ በእግሮቹ ወርዶ፣ በወለሉ አልፎ፣ ጫማዋ ውስጥ ገባ። ሌላ ነካች፤ እሱም እዝዝ አለ። ሦስተኛውን ስትነካ ምንም የለም፤ የላላ ነገር ጧ ብሎ ዝም አለ። አራተኛውም እንዲሁ ጧ። አምስተኛው ላይ ያ እንደ ንብ ያለው እዝዝታ ተመለሰ።

«መምህር» አለች ቀስ ብላ፣ «ምን አደረጉት?»

መምህር በኩራት አስረዷት። በበገና ወግ እያንዳንዱ አውታር ከሚያርፍበት እንጨት ላይ እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ ድምፁን የምታነዝረው እሷ ናት። በገና ያለ እንዚራ ሽቦ ነው። ይህን ፒያኖ የሠራው ሰው፣ አፈሩ ይቅለለውና፣ አንዲት እንኳ አላስገባበትም ነበር፤ እሳቸው ሁለት መቶ ሃያውንም አስገብተውለታል። ለዚህም አንድ የቆየ የቆዳ ጃኬታቸውን ሠውተዋል።

«የማይናገሩትስ?»

«እነሱ የጣት ማረፊያ ናቸው። በገናም ላይ ከአሥሩ የሚመታው ግማሹ ነው፤ ቀሪው ጣት የሚያርፍበት ነው። አንቺ ደግሞ ማረፊያ ጨርሶ አልነበረሽም። አላልቼልሻለሁ።» ሻያቸውን ፉት አሉ። «ሁሉም ካወራማ ማን ያዳምጣል?»

ውዳላት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ነገ በአራት ሰዓት መዛኝ ይመጣል። ፒያኖዋ ግማሹ ዲዳ፣ ግማሹ ንብ ሆኗል። የሰማንያ አንድ ዓመት ሰው ሦስት ቀን ጎንበስ ቀና ብሎ፣ ጃኬቱን ቀዶ የሠራላትን ምን ብላ ትወቅሳለች? አልቅሺ አልቅሺ አላት። አጃቢዋም ጊዜ ሳያጠፋ ለማልቀስ የሚያመች ዜማ ከፈተላት። ዜማው በጣም ይመች ስለነበረ ተናደደች፤ አጃቢውን ከጆሮዋ ጀርባ ፈልቅቃ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

ያን ጊዜ ዝናቡ ጀመረ። ከኮተቤ ወገን እየመጣ፣ የማዶውን ቆርቆሮ አንድ ባንድ እያዳረሰ ነው። ውዳላት ከወለሉ ሳትነሳ እጇን ወደ ላይ ሰዳ ወፍራም ድምፅ ያላቸውን ቁልፎች በመዳፏ ተጫነቻቸው፣ እግሯንም ፔዳሉ ላይ አደረገች። እዝዝታው ተነሳ። አልቆመም፤ ቤቱ ውስጥ ተንሳፈፈና ከዝናቡ ጋር ተገናኘ። የትኛው ከውጭ፣ የትኛው ከውስጥ እንደሆነ መለየት አልቻለችም። ሃያ ዓመት ሙሉ በጣቷ ብዛት ልታመጣው ስትሞክር የኖረችው አየር፣ በአንድ መዳፍ መጣ።

ሳቋ አመለጣት። ተነሳች፣ የፒያኖው ወንበር ላይ ተቀመጠች። መናገር የማይችሉት ቁልፎች ላይ ጣቷን ስታሳርፍ ጧ፣ ጧ ይላሉ፤ ልብስ ለማስገባት የሚሮጥ ሰው እግር ማለት ይሄ ነው። አንድ ቀጭን አውታር ከላይ ስትነካ ትንኝ የመሰለ ብርሃን ብልጭ ይላል። ደስታ አናቷ ላይ ወጣ። ሞኝ ሆነች፤ የሊፍት መሥሪያ ቤት ደንብ ልብስ እንደ ለበሰች፣ እራቷን ሳትበላ፣ እየሳቀች ታጎነብሳለች፣ ትጽፋለች፣ ትነካለች። ምልክቱ አልበቃ ሲላት የራሷን ምልክት ፈጠረች፤ ንብ ሣለች። መምህር ሻያቸውን ጨርሰው ወንበራቸው ላይ አሸለቡ። ዝናቡ ሲያባራ ድርሰቱ አልቆ ነበር፤ ሰባት ደቂቃ ይሆናል። ስም አወጣችለትና ወረቀቱ አናት ላይ በትልቁ ጻፈች። ነገ መዛኙ ስሙን ሲጠይቃት የምትመልስበትን ድምፅ ሁሉ ተለማመደች።

ሐሙስ ልክ በአራት ሰዓት በሩ ተንኳኳ። መዛኝ ተብሎ የመጣው ልዑልሰገድ የሚባል ሠላሳ ዓመት ያልዘለለው፣ ረጅምና ትሁት ወጣት ነው። የሚመዝነው ግን እሱ ሳይሆን በብብቱ ይዞት የመጣው የስኳር ቆርቆሮ የሚያህል ሣጥን ነው። ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። መምህር ይኄይስ የእጃቸውን ሥራ ሊሰሙ መጥተው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል።

«ወይዘሮ ውዳላት፣ ዝግጁ ሲሆኑ ይጀምሩ» አለ ልዑልሰገድ። «እኔ ሐሳብ አልሰጥም፤ ሲስተሙ ነው የሚወስነው። የሥራውን ስም ሲስተሙ መጨረሻ ላይ ይጠይቅዎታል።»

ውዳላት ተጫወተች። ሰባት ደቂቃውን ሁሉ፣ ያለ ስህተት፣ ዝናቡ መጥቶ እስኪያልፍ። ስትጨርስ ቤቱ ውስጥ እዝዝታው ትንሽ ዞሮ ጠፋ። ሁሉም ሣጥኑን አዩት። በተለምዶ ሦስት ሰከንድ የሚበቃው ሣጥን አንድ ደቂቃ አሰበ።

«የተሰማው ድምፅ በሙዚቃ መዝገብ አይመደብም» አለ በመጨረሻ። ትንሽ ቆየና ጨመረበት፤ «የንብ መንጋ። ግምታዊ ብዛት ሃያ ሁለት ሺህ። ለነዋሪዎች ደኅንነት ሲባል የንብ ቡድን ተጠርቷል።»

ልዑልሰገድ ሣጥኑን አንስቶ ከታች አየው፣ መልሶ አስቀመጠው። «ይቅርታ፣ እንዲህ ብሎ አያውቅም። እባክዎ ከመጀመሪያው ይድገሙልኝ።»

ደገመች። አሁን ስለ ፈራች ትንሽ ፈጠነች።

«ሃያ ስድስት ሺህ» አለ ሣጥኑ። «መንጋው ተቆጥቷል። ፊትዎን ይሸፍኑ።»

መጨረሻው ላይ ዝናቡ የሚያባራበት ክፍል አለ፤ እጇን እያቀለለች እዚያ ደረሰች። «መንጋው ተረጋጋ» አለ ሣጥኑ፣ እሱም እንደ ማረፍ ብሎ።

ውዳላት ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ ነበር፤ ኋላ ግን ግንባሯን ቁልፎቹ ላይ ደፍታ ነው የሳቀችው። ግንባሯ የነካቸውም ቁልፎች እዝዝ ሲሉ ሣጥኑ «ሠላሳ አንድ ሺህ» አለ። ያን ጊዜ ልዑልሰገድም ከንፈሩን ነክሶ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ምን አለሽ?» አሉ መምህር።

«ንብ ነሽ አለኝ መምህር።»

«ታዲያ ምን ክፋት አለው?» አሉ መምህር። «ንብ ሠራተኛ ናት።»

ውጭ ኮሪደሩ ላይ ግርግር ተነሳ። የነዋሪው አጃቢ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ሕንፃ መልቀቂያ ዜማ ተቀይሮ፣ ዘጠነኛ ፎቅ በሙሉ በአንድ ምት ደረጃውን ይወርዳል። አንዱ ፎጣ ታጥቋል፣ አንዷ ድስቷን ይዛለች። ሁሉም አንድ ዓይነት ሙዚቃ ሲሰሙ ይህ የመጀመሪያቸው ስለሆነ፣ አንዳንዶቹ ምድር ደርሰው እንኳ ትከሻቸውን ማቆም እንዳቃታቸው ኋላ ላይ ተወርቷል።

የንብ ቡድኑ ሦስት ሰው ነው፤ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ መረብ ተከናንበው፣ ጭስ የሚተፋ ጣሳ ይዘው ገቡ። አለቃቸው ድምፀ ትልቅ ጎጃሜ ሴት ናት፤ አያት ቅድመ አያቷ ንብ ያነቡ ነበር።

«ቀፎው የታል?» አለች።

ሁሉም ወደ ፒያኖው ጠቆሙ። አለቃዋ ዞረችው። ክዳኑን ከፈተች። ሁለት መቶ ሃያዎቹን የቆዳ ቁራጮች አየች፤ አንድ ቁልፍ በጓንቷ ነካች፤ እዝዝ ሲል ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠችው። መረቧን ገለጠች። ሴትዮዋ ፒያኖ ምን እንደሆነ ሳታውቅ የቀረች አትመስልም።

«መዛኝ ሣጥኑ ምን ብሎ ጻፈ?»

«የንብ መንጋ» አለ ልዑልሰገድ። «የሣጥኑን ቃል የሚሽረው የመዝገቡ ጉባኤ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ በአራት ዓመት አንዴ ነው የሚሰበሰበው።»

«እንግዲያው መንጋ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።» ወረቀቷን አወጣች። «ደንቡን ታውቃለህ። ንብ ከዚህ ከተማ አሥራ ሰባት ዓመት ጠፍታ ነው የተመለሰችው። በክረምት የሰፈረ መንጋ ከሰፈረበት አይነሳም። የሰፈረበትም ዕቃ አይወሰድም፣ አይፈታም፣ አይጠገንም።»

«ክረምቱ ሲወጣስ?» አለች ውዳላት።

«ክረምት ሲወጣ አበባ ይመጣል፣ እትዬ። አበባ እያለ መንጋ አይነካም።»

«አበባው ሲያልቅስ?»

«ያኔ ደግሞ ክረምት ይገባል።»

ልዑልሰገድ ጉሮሮውን ጠረገ። ደግ ልጅ ነው፤ ማወቅ ያለባትን ሳይነግራት መሄድ አልፈለገም።

«ወይዘሮ ውዳላት፣ መብትዎን ልንገርዎት። ይህ ንብ አይደለም፣ ሙዚቃ ነው ብለው ለጉባኤው አቤት ማለት ይችላሉ። ከዚያ ቆዳው ተነቅሎ ፒያኖው በደንቡ ይቃኝና እንደገና ይመዘናል። ካለፈ የዜማ ደራሲ ይሆናሉ። ካላለፈ...» አልጨረሰውም። «የንቡን ወረቀት ከፈረሙ ግን ሥራው በመዝገብ ሙዚቃ አይሆንም። እርስዎም መቼም የዜማ ደራሲ ተብለው አይጻፉም። ንብ አንቢ ነው የሚሆኑት።»

ሳቁ ከውዳላት ፊት ቀስ ብሎ ወረደ። ሠላሳ ዓመት የጠበቀችው ቃል እዚህ ጠረጴዛ ላይ፣ ከስኳር ቆርቆሮው አጠገብ ተቀምጧል፤ እጇን ብትዘረጋ ይደረስበታል። ቆዳው ይነቀል፣ የላሉት ይጥበቁ፣ ንቡ ይውጣ፤ ከዚያ ያው ንጹሕ ድምፅ፣ ያው ጭጋግ፣ ያው ፋርማሲ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለእሷ ዓይነቱ ነው። ቢሆንም አመማት። ልጅ ሆና ስሟን ደብተሯ ሽፋን ላይ ጽፋ፣ ከሥሩ ያንን ቃል ትጨምር እንደ ነበር ትዝ አላት። ዓይኗ እንባ ሞላ። መምህር ይኄይስ ይህን አይተው፣ ጥፋት ማጥፋታቸው ገና አሁን እንደ ገባቸው ሁሉ፣ ቁጭ ባሉበት ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

«ልጄ፣ አበላሸሁብሽ?»

ውዳላት ሁለት መቶ ሃያዎቹን የጃኬት ቁራጮች አየች። አንዷ ላይ የጃኬቱ ቁልፍ ማስገቢያ ቀዳዳ እንኳ ይታያል።

«የለም መምህር» አለች። «ገና ዛሬ ነው የተቃኘው።» ወደ አለቃዋ ዞራ እጇን ዘረጋች። «ወዲህ በይው ወረቀቱን።»

አለቃዋ እየጠየቀች ሞላችላት። የቀፎው ዓይነት፤ እንጨት፣ ባለ ሰማንያ ስምንት ቁልፍ። ጠባይ፤ ሲነኩት ይቆጣል፣ ሲያባብሉት ይረጋጋል። ንግሥቲቱ ታይታለች?

«በየቀኑ አያታለሁ» አለች ውዳላት። «መስታወት ላይ።»

«ዕድሜዋስ?»

«ሃምሳ ስምንት።»

አለቃዋ ፈገግ ሳትል ሃምሳ ስምንት ብላ ጻፈች። የማር ምርት የሚለው ላይ «ወደፊት የሚታይ» አለች። ውዳላት ፈረመች። ቡድኑ ጣሳውን አጥፍቶ ሲወጣ አለቃዋ በሩ ላይ ዘወር አለችና፣ መንጋው መረጋጋቱን ለማረጋገጥ በወር አንድ ጊዜ ራሷ መምጣት እንዳለባት፣ ይህም በደንቡ እንዳለ ተናገረች። በደንቡ አልነበረም። ልዑልሰገድም ሣጥኑን በብብቱ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ሣጥኑ የሥራውን ስም አልጠየቀም፤ የንብ ወረቀት ላይ ለስም የተተወ ቦታ የለም። ውዳላት የተለማመደችው መልስ አፏ ውስጥ ቀረ።

ሦስት ቀን በሊፍት ወጣች፣ ወረደች። ማታ ማታ ትጫወታለች፤ ጎረቤቱ «ንቦቹ አመሹ» እያለ ያልፋል። ስለ ንብ የሚከስስ የለም። ደስ ይላታል። ደስታዋ መሀል ላይ ግን ያቺ ያልተጠየቀች ስም ጥርስ መሀል እንደ ቀረች ፍርፋሪ ትቆረቁራታለች።

እሑድ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ውዳላት ስትከፍት ልዑልሰገድ ነው፤ ደንብ ልብስ የለበሰም፣ ሣጥንም የያዘም አይደለም። የእሑድ ሹራቡ እጅጌ አጥሮታል። ከጀርባው፣ ከኮተቤ በኩል፣ ሰማዩ ጠቁሯል።

«ለሥራ አይደለም» አለ ቶሎ ብሎ። «ንቦቹን... ንቦቹን ለማየት ነበር። ከሐሙስ ጀምሮ አጃቢዬ የሚያሰማኝ ሁሉ ይሰማኛል፤ ግን አላዳምጠውም። አውቶቡስ አመለጠኝ፣ ሁለቴ።» እግሩን አየ። «ደግሞም የሥራውን ስም ሳልጠይቅዎት ሄድኩ። የትም አልጽፈውም፤ የምጽፍበት ቦታ የለኝም። ለራሴ ነው።»

ውዳላት በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተችው። ቀጥሎም ያ የረቡዑ ሳቅ ከሆዷ ሲነሳ ተሰማት።

«‹ዝናቡ ከኮተቤ ሲመጣ›» አለችው። «ለአንድ ፒያኖ።»

ልጁ ስሙን በከንፈሩ ደገመው።

«በል ግባ» አለችው፣ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ ብላው። «አጃቢህን እዚያ ጫማህ አጠገብ ተወው። ንቦቼ እሱን ሲያዩ ይናደፋሉ።»